መንግሥት ቤት ለቅቄ የግል ድርጅት ብገባ ጡረታዬ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት 9 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደመወዜ 15,000 ብር ነው። ሰንጋ ተራ የሚገኝ አንድ የግል ድርጅት በወር 30,000 ብር ሊከፍለኝ ተስማምቷል። ከዚህ ውስጥ 16,000ው ደመወዝ፣ 14,000ው ደግሞ የቤት፣ የትራንስፖርትና የስልክ አበል ነው። ፕሮቪደንት ፈንድም አለን ብለውኛል። የሥራ ባልደረቦቼ ‹አሥር ዓመት ሳትሞይ ከወጣሽ እስካሁን የተቆረጠብሽ ሁሉ መና ይቀራል፤ የግል ጡረታ እንደ መንግሥቱ አያስተማምንም› ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ‹የጡረታ ብር ምን ዋጋ አለው፣ ዛሬ እጅሽ ላይ የሚገባውን ያዢ› ይላል። ሁለት ልጆች አሉን፤ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። ምን ብወስን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ባልደረቦችዎም ባለቤትዎም የነገሩዎት ትክክል አይደለም። ከሁሉ በላይ ሊያሳስብዎት የሚገባው ግን አንዳቸውም ያላነሡት፣ እርስዎም እንደ ቀላል ነገር የጻፉት ቁጥር ነው፤ የ16,000ና የ14,000 ክፍፍሉ። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ሌላውን ላጥራ።

ዘጠኙ ዓመት አይጠፋም። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ዛሬ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ሁለቱ ፈንዶች ለየብቻ ናቸው፤ የሚያስተዳድሯቸውም ሁለት የተለያዩ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ሆኖም ሠራተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አገልግሎቱ ተያይዞ ይቆጠርለታል። በመንግሥት ቤት የሠሩት 9 ዓመት በግል ድርጅት ከሚሠሩት ጋር ተደምሮ አንድ አገልግሎት ይሆናል ማለት ነው። «አሥር ዓመት» የሚባለው ገደብ በጡረታ ዕድሜ ሲወጡ ዘላቂ የወር አበል ለማግኘት ቢያንስ ሊኖርዎት የሚገባው የአገልግሎት ዘመን ነው። ከዚያ በታች የሆነ ሰው በየወሩ የሚከፈል አበል ሳይሆን ዳረጎት፣ ማለትም የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው የሚያገኘው። ይህ ገደብ የሚለካው በጠቅላላው አገልግሎት እንጂ በአንድ መሥሪያ ቤት ቆይታ አይደለም። ስለዚህ አሥረኛውን ዓመት ለመሙላት ብቻ ብለው አንድ ዓመት የሚቆዩበት ምክንያት የለም። በዚህ ወሬ ምክንያት ጥሩ ሥራ ያመለጣቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ያሳዝነኛል።

የግል ጡረታ አያስተማምንም የሚለውም ከሕጉ የመጣ አይደለም። የመዋጮው መጠን በሁለቱም በኩል እኩል ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቀነሳል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል፣ በድምሩ 18 በመቶ። የጡረታ ዕድሜው በሁለቱም 60 ዓመት ነው። የአበሉ ስሌትም አንድ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይያዛል፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው አይደርስበትም።

ታዲያ ከግል ድርጅት ጡረታ የወጡ ሰዎች አበል ትንሽ ሆኖ የሚታየው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ታሪካዊ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው የጡረታ ሥርዓት ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው፤ ለግሉ ዘርፍ ግን አጠቃላይ የጡረታ ሕግ የወጣው በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ከዚያ በፊት የግል ድርጅት ሠራተኛ ወይ ፕሮቪደንት ፈንድ (በየወሩ ተጠራቅሞ ሲለቁ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ቁጠባ) ነበረው፣ ወይ ምንም አልነበረውም። ስለዚህ ዕድሜውን ሁሉ በግል ድርጅት የሠራ ሰው ዛሬ ጡረታ ቢወጣ ሊታሰብለት የሚችለው አገልግሎት በአብዛኛው ከ15 ዓመት ገደማ አይበልጥም። 15 ዓመት ማለት 36.25 በመቶ ነው። ጎረቤቱ ከመንግሥት ቤት 35 ዓመት ሠርቶ ሲወጣ 61.25 በመቶ ያገኛል። ሁለቱን አስተያይቶ «የግል ጡረታ ደካማ ነው» ማለት ቀላል ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ግን የዓመታቱ ብዛት ነው። እርስዎ ከ9 ዓመት ጋር ገብተው እስከ 60 ዓመትዎ 26 ዓመት ቢሠሩ 35 ዓመት ይሞላዎታል። ያ ችግር የእርስዎ አይደለም።

የባለቤትዎ ሐሳብ ከሌላ ስሕተት የሚነሣ ነው። ብዙ ሰው ጡረታን በስሙ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ አድርጎ ያስበዋል፤ 7 በመቶው እዚያ ተከማችቶ በስተርጅና የሚወጣ ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ «ብሩ እስከዚያ ይረክሳል» ማለቱ ልክ ይሆን ነበር። የጡረታ አበል ግን ያዋጡት ብር ተደምሮ አይደለም የሚሰላው፤ በአገልግሎት ዓመትና በመጨረሻ ደመወዝ ነው። በ2009 ከትንሽ ደመወዝዎ የተቆረጠች ጥቂት ብር ዛሬ ዋጋዋ ተበልቶ ይሆናል፤ የዚያ ዓመት አገልግሎትዎ ግን አልተበላም። ጡረታ ሲወጡ በጊዜው ደመወዝ ተባዝቶ ይቆጠርልዎታል። በየዓመቱ ዋጋ በሚንርበት አገር ደመወዝተኛ በዚህ መልክ ሊያከማች የሚችለው ሌላ ነገር ብዙ የለም። በዚያ ላይ ከእርስዎ 7 ብር በተቀነሰ ቁጥር አሠሪው 11 ብር ያስገባል። እርስዎ ቢያልፉ የትዳር ጓደኛዎ የአበሉን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ ለአካለ መጠን እስኪደርስ 20 በመቶ ያገኛል። ሁለት ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይህ ትልቅ ዋስትና ነው፤ ባለቤትዎ ከመወሰናቸው በፊት ይህን ይወቁት።

አሁን ወደ 16,000ው እንምጣ። የጡረታ መዋጮም ሆነ የጡረታ አበል የሚሰላው በመደበኛው የወር ደመወዝ ላይ ነው። የቤት አበል፣ የትራንስፖርት አበል፣ የስልክ አበል፣ ቦነስ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አንዱም አይገባበትም። በመንግሥት ቤት የሚበዛው የገቢዎ ክፍል ራሱ ደመወዙ ስለሆነ ይህ ብዙ አይጎዳም። ብዙ የግል ድርጅቶች ግን ደመወዙን ዝቅ፣ አበሉን ከፍ አድርገው ይቀጥራሉ። አንዳንዱ የሚያደርገው የውስጥ የደመወዝ እርከኑ እንዳይዛባ ነው፤ አብዛኛው ግን 11 በመቶውን ለመቀነስ ነው። በመንግሥትና በግል ሠራተኛ የጡረታ ቁጠባ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ ሕጉ የሚያርፍበት ቁጥር ይለያያል።

በእርስዎ ቁጥር ላሳይዎት። የወደፊቱን ጭማሪ ትተን ዛሬ ያለው ደመወዝ የመጨረሻው ቢሆን ብለን እናስላ፤ ለማወዳደር ይበቃል። አሁን ባሉበት መሥሪያ ቤት 35 ዓመት ሞልተው ቢወጡ የ15,000 ብር 61.25 በመቶ፣ ማለትም 9,187 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛሉ። በግሉ ድርጅት በ16,000 ብር መነሻ 9,800 ብር ያገኛሉ። የወር ገቢዎ እጥፍ ሆኖ ሳለ ጡረታዎ የሚያድገው በ612 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። በ30,000 ብር ኑሮ የለመደ ቤት ጡረታ በወጡ ማግሥት በገቢው አንድ ሦስተኛ ሊኖር ነው ማለት ነው። 30,000ው ሙሉ በሙሉ ደመወዝ ቢሆን ግን የጡረታ አበሉ 18,375 ብር ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የ8,575 ብር ልዩነት በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ነው።

ይህን ከባልደረቦችዎ ስጋት ጋር ያወዳድሩት። ዘጠኙ ዓመት እንደ ፈሩት ጠፍቶ ቢሆን እንኳ 26 ዓመት የሚያስገኘው 50 በመቶ ነው። ከ61.25 በመቶ የሚጎድለው በ16,000 ብር ደመወዝ 1,800 ብር ነው። ሰው እንቅልፍ የሚያጣለት የዓመታቱ ጉዳይ ደመወዙ ከተጻፈበት ቁጥር ያነሰ ጉዳት አለው። ሆኖም የሥራ ቅጥር ውል ሲፈርም አብዛኛው ሰው የሚያየው ድምሩን ነው።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ይደራደሩ። ሙሉውን 30,000 ደመወዝ አድርጉልኝ ቢሉ እሺ ላይሉ ይችላሉ፤ 25,000 ደመወዝና 5,000 አበል ግን ምክንያታዊ ጥያቄ ነው። ድርጅቱን በወር የሚያስወጣው ተጨማሪ 990 ብር ነው፤ የ9,000 ብር 11 በመቶ። ከእርስዎ ተጨማሪ 630 ብር ይቆረጣል። በምላሹ የጡረታ አበል ስሌትዎ ወደ 15,312 ብር ከ50 ሳንቲም ከፍ ይላል። «አበል ይሻልሻል፣ ግብር አይነካውም» ይሉዎት ይሆናል። በጥሬ የሚከፈል የቤት አበል ግብር ይከፈልበታል፤ የትራንስፖርት አበልም ከግብር ነፃ የሚሆነው እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ነው። እንዲያውም የደመወዙ ቁጥር ጥቅሙ ከጡረታ ያልፋል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የዓመት ፈቃድ ክፍያና የሥራ ስንብት ሁሉ ከደመወዝ ጋር የተያያዙ ናቸው። አበልን አሠሪው ኑሮ ሲጠብበት በመመሪያ ሊቀንሰው ይሞክራል፤ ውል ላይ የተጻፈን ደመወዝ ግን እንዲህ በቀላሉ መንካት አይችልም።

ሁለተኛው እውነተኛ ልዩነት የመዋጮው መግባት አለመግባት ነው። በመንግሥት ቤት ይህ ለሠራተኛው ሐሳብ ሆኖበት አያውቅም፤ በጀቱ ከግምጃ ቤት ይወጣል፣ ይገባል። በግሉ ዘርፍ ግን አሠሪው ከደመወዝዎ 7 በመቶውን ቀንሶ፣ የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ፣ በወቅቱ ገቢ ማድረግ አለበት። ይህን የማያደርግ አለ፤ ከሠራተኛው ቆርጦ ለሥራ ማስኬጃ የሚጠቀምበትም አለ። ሕጉ መዋጮውን ያላስገባ አሠሪ ላይ ቅጣት ይጥላል፣ ገንዘቡንም ያስከፍላል። ነገር ግን ሠራተኛው የሚያውቀው ድርጅቱ ከተዘጋ ወይም ባለቤቱ ከተቀየረ ከዓመታት በኋላ ከሆነ ማስረጃ ፍለጋው ራሱ ጡረታ የወጣን ሰው ያደክማል። በየወሩ የደመወዝ መክፈያ ወረቀትዎን ይዘው ያስቀምጡ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በመለያ ቁጥርዎ መዋጮው መግባቱን የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ሄደው ያረጋግጡ። እዚሁ መሀል ከተማ ለሚሠራ ሰው የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። «ለአንተ ብለን ጡረታ አንቆርጥብህም» የሚል አሠሪ ካጋጠመዎት ይሽሹት፤ ጡረታ በሕግ የግዴታ ነው እንጂ በስምምነት የሚቀር አይደለም።

ፕሮቪደንት ፈንዱን በተመለከተ፣ ስሙ ብቻ አያጓጓዎት። ፕሮቪደንት ፈንድ እውነተኛ ቁጠባ ነው። አሠሪውና ሠራተኛው የተስማሙበትን ያህል በየወሩ ይከማቻል፤ ሲለቁ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። የጡረታ አዋጁ በ2003 ሲወጣ ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው ሠራተኞች በነበሩበት መቀጠልን ወይም ጡረታ መግባትን እንዲመርጡ ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር። በኋላ ለሚቀጠር ሰው ግን ጡረታው ግዴታ ነው፤ ፕሮቪደንት ፈንድ ሊኖር የሚችለው ከጡረታው በላይ በተጨማሪነት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ፕሮቪደንቱ ከጡረታው ሌላ ነው ወይስ በጡረታው ፋንታ?» የሚል ይሁን። በጡረታው ፋንታ ነው ካሉዎት የቀረበልዎት ነገር ሕጋዊ አይደለም።

ተጨማሪ ከሆነ ደግሞ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ በማን ስም እንደሚቀመጥ፣ ወለዱ ለማን እንደሚሆን፣ ከስንት ዓመት አገልግሎት በኋላ የአሠሪው ድርሻ የእርስዎ እንደሚሆን ይጠይቁ። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው። በአንዳንድ ድርጅቶች ደንብ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ሳይሞላው የለቀቀ ሠራተኛ የራሱን ብቻ ይዞ ይወጣል። ከግብር አንጻር በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አሠሪው ለጡረታና ለፕሮቪደንት ፈንድ የሚያዋጣው ከሠራተኛው የወር ገቢ 15 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። 11 በመቶው ለጡረታ ስለሚሄድ ቢያንስ 4 በመቶ ቦታ ይተርፋል ማለት ነው። ለድርጅቱ የሰው ሀብት ክፍል «ከአበሉ ላይ ቀንሳችሁ 4 በመቶውን ፕሮቪደንት አድርጉልኝ» ማለት ለሁለታችሁም የሚበጅ ሐሳብ ነው፤ እርስዎን ከግብር ያድናል፣ እነሱን አዲስ ወጪ አያስወጣም።

ይሁንና ፕሮቪደንት ፈንድ ጡረታን አይተካም። ምክንያቱ የዋጋ ንረት ነው። ገንዘቡ በቁጠባ ሒሳብ ሲቀመጥ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የጡረታ አዋጁ በወጣበት በ2003 አንድ የአሜሪካ ዶላር 17 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 2016 በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚያን ጊዜ በፕሮቪደንት የተከማቸ ብር ዛሬ የሚገዛውን ሲያስቡ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ ብቻውን ለእርጅና እንደማይበቃ ይገባዎታል። ደግሞም እጅ የገባ ድፍን ገንዘብ የቤተሰብ ጉዳይ ሁሉ ይጠራዋል፤ ሠርግ፣ ሕክምና፣ የልጅ ንግድ።

የሥራ ስንብት ክፍያን ከዚህ ጋር የሚቀላቅሉት አሉ። እሱ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመራ ሌላ መብት ነው። ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ሥራው ሲቋረጥ ይከፈላል፣ ከ12 ወር ደመወዝም አይበልጥም። የእርጅና ዕቅድ አካል አድርገው አይቁጠሩት።

ስለ ጡረታ አበል ራሱም እውነቱን ልንገርዎ፤ በሁለቱም ዘርፍ ብቻውን አያኖርም። ከመውጣትዎ በፊት ደመወዝዎ እያደገ ስለሚሄድ ንረቱን በከፊል ይከተላል። ከወጡ በኋላ ግን አበሉ በራሱ ከዋጋ ጋር አይጨምርም፤ የሚሻሻለው የመንግሥት ውሳኔ ሲኖር ብቻ ነው፣ ሲሻሻልም ከገበያው ወደ ኋላ ይቀራል። ለብዙ ዓመታት የጡረታ ፈንዶቹ ገንዘብ በአብዛኛው ይውል የነበረው ወለዱ ከንረቱ በታች በሆነ የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነው። የ2014ቱ አዋጆች ፈንዶቹ ትርፍ በሚያስገኙ ሥራዎች ላይ እንዲውሉ በር ከፍተዋል፤ ለዛሬ ጡረተኛ ግን ያመጣው ለውጥ ገና የሚታይ አይደለም። በዚህ ረገድ በመንግሥት ሠራተኛውና በግል ሠራተኛው መካከል ልዩነት የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ የጡረተኛን ኑሮ የሚወስነው ከአበሉም በላይ የቤት ጉዳይ ነው። በራሱ ቤት የሚኖር ሰው 9,000 ብር ይዞ አስቤዛውን አብቃቅቶ ያድራል። ኪራይ የሚከፍል ሰው 18,000 ብር ይዞም ልጆቹ ላይ ይወድቃል። እርስዎ 34 ዓመትዎ ነው፣ በኪራይ ነው የሚኖሩት። ስለዚህ የአዲሱ ደመወዝ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ መዋል አለበት። በ25,000 መነሻ ቢገቡ ግብሩና የጡረታ መዋጮው ተነሥቶ አሁን ከሚያገኙት በላይ እጅዎ ላይ የሚቀረው 9,000 ብር ገደማ ነው። ከዚህ ቢያንስ ግማሹን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ኑሮ ሳይለምደው ይለዩት። አንዴ ትምህርት ቤት ከተቀየረ፣ ኪራዩ ከፍ ካለ በኋላ መልሶ መቀነስ የማይሞከር ነው።

የተለየውን ገንዘብ የት ያድርጉት? አሁን ባሉበት መሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆኑ ሲለቁ ቁጠባዎን አውጥተው አያጥፉት፤ አዲሱ ድርጅት ወይም የሚኖሩበት ወረዳ ተመሳሳይ ማኅበር ካለ ወደዚያ ያዙሩት። የእነዚህ ማኅበራት ትልቁ ጥቅም ወለዱ ሳይሆን በቁጠባዎ ልክ ተባዝቶ የሚገኘው ብድር ነው፤ ለቤት ቅድመ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ደመወዝተኛ ከሌላ ቦታ በቀላሉ አያገኝም። ዕቁብ ለመሰብሰብ ጥሩ ነው፤ ለሃያ ስድስት ዓመት ለሚያስብ ሰው ግን አያሳድግም። ዕቁቡ ሲደርስዎት የት እንደሚገባ አስቀድመው ካልወሰኑ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። በባንክ የሚያስቀምጡት ቢበዛ የስድስት ወር ወጪ ይሁን። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ዋስትና በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር መሆኑንም አይርሱ። አክሲዮን መግዛት ይቻላል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀምሯል። ሆኖም ገና ለጋ ገበያ ነው፣ በፈለጉት ቀን ሸጠው መውጣት ላይችሉ ይችላሉ፤ የትርፍ ድርሻም በየዓመቱ ዋስትና የለውም። ለልጆች ትምህርት የሚፈልጉትን ገንዘብ እዚያ አያስገቡ።

አንድ የመንግሥት ቤት ጥቅም አቅልዬ እንዳላልፈው፤ እሱም ቋሚነቱ ነው። የደመወዝ እርከኑ ዝቅ ያለ ቢሆንም ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተሻሽሏል፣ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ 11,500 ብር ሆኗል። የግሉ ዘርፍ አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንኳ የለውም። አዲስ ገቢ ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀን በሚዘልቅ የሙከራ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊሰናበት ይችላል። ከዚያም በላይ የአበሉ ስሌት በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ላይ ስለሚያርፍ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ሥራ አጥቶ ባነሰ ደመወዝ ሌላ ቦታ የገባ የግል ሠራተኛ ይጎዳል። በመንግሥት ቤት ደመወዝ በስተመጨረሻ ወደ ታች መውረዱ እምብዛም ነው። ከ50 ዓመትዎ በኋላ ሥራ ለመቀየር ሲያስቡ ይህ ከሁሉ በፊት ሊታይ ይገባል። በ34 ዓመት ግን ለመቆየት የሚያበቃ ምክንያት አይደለም።

የምመክርዎት ይሂዱ ነው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ግን። መልቀቂያ ከማስገባትዎ በፊት ደመወዙ ቢያንስ 25,000 ብር ተብሎ የተጻፈበትን የተፈረመ ውል በእጅዎ ያድርጉ፤ በቃል «ከሙከራ ጊዜ በኋላ እናስተካክላለን» የሚለውን አይቀበሉ። ከመሥሪያ ቤትዎ ሲወጡ ክሊራንስ ብቻ ይዘው አይውጡ። የተቀጠሩበትን ቀን፣ በየጊዜው የነበረውን ደመወዝና የጡረታ መዋጮ መቆረጡን የሚገልጽ የአገልግሎት ማስረጃ በማኅተም ያውጡ፤ የቅጥር ደብዳቤዎን ቅጂም ይያዙ። የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በሞሉት የልደት ዘመን ስለሆነ፣ ስምዎና የልደት ቀንዎ በግል ማኅደርዎ፣ በፋይዳና በአዲሱ ድርጅት ቅጽ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ያጣሩ። የባለቤትዎና የልጆችዎ ስም በማኅደሩ ከሌለ የጋብቻና የልደት ማስረጃቸውን አያይዘው ያስመዝግቡ። አዲሱ ቦታ እንደገቡ የቀድሞ አገልግሎትዎ እንዲያያዝ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የገቢ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያስቀሩ። ይህን ሁሉ ዛሬ፣ ፋይልዎን የሚያውቁት የሰው ሀብት ሠራተኞች እዚያው እያሉ ይጨርሱት።

ድርጅቱ ከ16,000 ፈቀቅ አልልም ካለ ደግሞ ቢያንስ 4 በመቶ ፕሮቪደንት ፈንድ ከመጀመሪያው ቀን የእርስዎ በሚሆንበት ሁኔታ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁለቱንም እምቢ ካለ አይፈርሙ፤ ባሉበት ሆነው ሌላ ይፈልጉ። በ9 ዓመት ልምድ የሚፈልግዎ ድርጅት አንድ ብቻ አይሆንም።